ኦቦ ባጫ ያለፉባቸው በሮች

የሰማሁትን አይደለም የምነግራችሁ። ያደረግሁትን ነው። የሚጠራጠር ካለ ቡራዩ ይሂድና ከገፈርሳ ግድብ በላይ ባለው መንደር አዴ ወርቅቱን ይጠይቅ። ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጆሯቸውም ይሰማል።

ቀኑ ኅዳር አሥራ ሁለት ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ።

ጨለማ አልነበረም። ጭጋግ አልነበረም። ሰው ልብሱን አጥቦ የሚያሰጣበት ዓይነት፣ ጥርት ያለ የኅዳር ፀሐይ ነበር።

እኔ ሰበታ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ስልኬ ጠራ። ታላቅ እህቴ ዱርሲቱ ናት።

«ጃለታ... አባ አልተመለሱም።»

«ስንት ሰዓት ነው የወጡት?»

«አራት ሰዓት። እንደ ሁልጊዜው። ግን ዱላቸውን ረስተው ነው የወጡት። አሁን ነው በሩ ሥር ያየሁት።»

«ቆይ፣ ልያቸው» አልኩ።

ልያቸው... ይህን ቃል አሁንም ሳስታውሰው አፌን ይመረኛል።

ስለ ሥራዬ ትንሽ መናገር አለብኝ።

ሰበታ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከቆርቆሮ መሸጫ በላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ አምስት ሆነን አንድ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ሰው ስልኩን ይዞ የት እንዳለ በጂፒኤስ የሚከታተል ነው፤ ገና በሙከራ ላይ ነበር። ያሰብነው ለሸመገሉና መርሳት ለጀመራቸው ሰዎች ነው። ሰውየው ካርታው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነጥቡ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

ችግራችን ኔትዎርክ ነበር። ከከተማ ትንሽ ወጣ ሲባል ይቆራረጣል። ያኔ ነጥቡ ባለበት ቀጥ ይላል። ሙከራውን የሚያግዙን ቤተሰቦችም ይደነግጣሉ።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ እንዲገምት አደረግነው።

የአንድን ሰው የሁለት ወር አካሄድ ያጠናል። በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም። ሲግናል ሲጠፋ፣ ሰውየው በልማዱ ይሄድበት በነበረው መንገድ ነጥቡን ራሱ ያስኬደዋል። ሲግናሉ ሲመለስ ያስተካክላል።

አለቃችን ኡዘይር ግምቱ በግራጫ እንዲታይ ነበር የፈለገው። እውነተኛው ሰማያዊ፣ ግምቱ ግራጫ። አንድ ሳምንት ሞከርነው። ሰዎቹ «ግራጫ ሆነብን፣ ሞቱ እንዴ?» እያሉ ስልክ አጨናነቁ።

«ሁለቱም ሰማያዊ ይሁኑ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ኡዘይር መነጽሩን አውልቆ ተመለከተኝ። «ታዲያ ሰው በምን ይለየው?»

«ምን ብሎ ይለየዋል? ልዩነቱ አሥር ሜትር ነው።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። እኔም በዚያው ቀን ቀለሙን ቀየርኩት።

ለሙከራው አካሄዱ የማይለዋወጥ ሰው ያስፈልገን ነበር። ከአባቴ የበለጠ የማይለዋወጥ ሰው አላውቅም።

ኦቦ ባጫ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። የእኛን ስም ማምታታት ጀምረው ነበር። ቀኑን ይረሳሉ። መንገዱን ግን አይረሱም። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣሉ። በአብዱረዛቅ ሱቅ በኩል፣ በአዴ ወርቅቱ በር በኩል አድርገው ከግድቡ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ድረስ ይሄዳሉ። እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ውሃውን ያያሉ። ሰባት ሰዓት ላይ በዚያው መንገድ ተመልሰው ምሳቸውን ይበላሉ።

በእያንዳንዱ በር ላይ ይቆማሉ። ሰላምታቸው ረጅም ነው። «አካም ኦልታን?»፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጉልበት ያመመው ሰው ጉልበት... ሁሉም በየተራ ይጠየቃል። ድምፃቸውን የማያውቅ ስለሌለ፣ ሰው እጁ ላይ ያለውን ሥራ ሳይለቅ ከውስጥ ሆኖ ይመልስላቸዋል። «ናጋ፣ ናጋ» ይላል፤ ሰላም ነው ማለቱ ነው። እሳቸውም ይመርቁና ያልፋሉ።

ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ ያዘ። አዴ ወርቅቱ በር ላይ አራት ደቂቃ። አብዱረዛቅ ሱቅ ላይ ስድስት ደቂቃ። በመሀል ደግሞ ምንም በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ደቂቃ።

ስህተት መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እዚያ የጎረቤታችን የሶያማ ቤት ነበር። ከፈረሰ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቴ ግን አሁንም ቆመው ሰላም ይሉታል።

ስልኩን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሳስገባላቸው፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የት እንዳሉ እንዳይ ነው፣ አባ።»

«ሰበታ ሆነህ?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እንግዲያ መምጣቱን ተውከው በላ።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄድኩት። ቻርጀር ልቀይር።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ካርታውን ከፈትኩ። ነጥቡ አዴ ወርቅቱ በር ላይ ቆሟል። አንድ ደቂቃ... ሁለት... አራት። ከዚያ ተነሳ።

«አግኝቻቸዋለሁ» አልኩ። «ከአዴ ወርቅቱ ተነሥተው እየመጡ ነው። ዱላ ስላልያዙ ዘግይተው ይሆናል። ውጪና ተቀበያቸው።»

ዱርሲቱ ወጣች። ስልኩን አልዘጋችም። እርምጃዋ ይሰማኛል። የእሷም ስልክ ላይ ሶፍትዌሩ ስላለ ሁለቱንም አያቸዋለሁ። ሁለት ሰማያዊ ነጥቦች፣ በአንድ ቀጭን መንገድ፣ ፊት ለፊት እየተቀራረቡ።

«የት ደረሱ?» አለች።

«ሶያማ ቤት ጋ። ቆመዋል።»

«እኔም ልደርስ ነው። ማንም አይታየኝም።»

«መቶ ሜትር ነው። ደህና አድርገሽ እዪ።»

«ሜዳ እኮ ነው ጃለታ። ምኑን ደህና አድርጌ ነው የማየው?»

ነጥቡ ተነሳ። ሃምሳ ሜትር። ሃያ።

«አሁን ፊት ለፊትሽ ናቸው።»

«የሉም።»

«አሥር ሜትር።»

«መንገዱ ባዶ ነው...»

ድምፅዋ ዝቅ አለ። ለምን እንዳንሾካሾከች አላውቅም። እኔም ማንሾካሾክ ጀመርኩ።

ሁለቱ ነጥቦች ተነካኩ። አንድ ሆኑ። ከዚያ ተለያዩ። የአባቴ ነጥብ እሷን አልፎ ወደ ቤት ቀጠለ።

«አለፉሽ» አልኩ።

እርምጃዋ ቆመ።

«ዱርሲቱ?»

«እ...»

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ዝም በል እስቲ።»

ነፋስ ይሰማል። የሆነ ቦታ ሰው እንጨት ይፈልጣል። ነጥቡ አብዱረዛቅ ሱቅ ጋ ደርሶ ቆመ።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ከእህቴ ጀርባ በኩል የአብዱረዛቅን ድምፅ ሰማሁ። ጮክ ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ።

«ናጋ፣ ናጋ፣ ኦቦ ባጫ!»

ዱርሲቱ ሮጠች።

ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሱቁ ስትደርስ፣ አብዱረዛቅ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ድንች እየመረጠ ነበር። የተባባሉትን ሁሉ ሰማሁ።

«ምን ያስሮጥሻል፣ ሽማግሌ ተላከ እንዴ?»

«አባ የት ሄዱ?»

«አሁን አለፉ እኮ። ሰላም ብለውኝ።»

«አየሃቸው?»

«እ?»

«በዓይንህ አየሃቸው ወይ?»

«ድንች ላይ ነኝ እንጂ... ድምፃቸውን አላውቀውም እንዴ ታዲያ? የልጄን ሳል ጠየቁኝ። ወደ ቤት ነው የሄዱት።»

እፎይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ደቂቃ ትከሻዬ ቀለለኝ። ነጥቡም ወደ ቤት ነው የሚለው፣ ሰውም ወደ ቤት ነው የሚለው። መንገድ ላይ ያላየቻቸው ሽንት ሊሸኑ ከአጥር ኋላ ገብተው ይሆናል አልኩ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነጥቡ ግቢያችን ገባ። ቤቱ ውስጥ ገባ። ቆመ።

«ቤት ናቸው» አልኳት።

በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ሲሚንቶው ላይ የጫማዋ ድምፅ።

«ጃለታ...»

«አሉ?»

«ምሳቸውን ከድኜ ነበር የወጣሁት።»

«እሺ?»

«ክዳኑ ተነሥቷል።»

«በልተዋል?»

«አልተነካም። ክዳኑ ብቻ ነው... ጎን ተቀምጧል።»

«በቃ፣ ገብተዋል ማለት ነው። ከጓሮ ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል። ጠብቂያቸው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እያየኋቸው ነው» አልኩ።

ነጥብ ነበር የማየው።

እሷ ጠበቀች። እኔ ምሳ ልበላ ወረድኩ። ሽሮ አዘዝኩ። በላሁ። ሻይም ጠጣሁ። በመሀል አንድ ጊዜ ደወለች፤ «ጓሮም የሉም» አለች። ስልኬን አየሁ። ነጥቡ ቤት ውስጥ ነው። «እንዳለሽ ሁኚ፣ እዚያው ናቸው» አልኳት።

ቢሮ ስመለስ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር። ኡዘይር በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ ካርታውን አየ።

«አባትህ ናቸው?»

«አዎ። ቤት ናቸው። እህቴ ግን አጣኋቸው ትላለች።»

ቀስ ብሎ፣ ማንንም እንደማይከስ ሰው፣ ጠየቀኝ።

«መጨረሻ ከስልኩ የደረሰን ሲግናል የስንት ሰዓት ነው?»

ይህን ከእኔ ሌላ ማንም ሰው ቢዘነጋው አልፈርድበትም ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ አንድ ገጽ ወዲያ ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ።

ጫንኩት።

አምስት ሰዓት ከአርባ።

ቦታው የአዴ ወርቅቱ በር አይደለም። የአብዱረዛቅ ሱቅ አይደለም። ከድንጋዩ አልፎ፣ ወደ ግድቡ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት እያንዳንዱ እርምጃ ግምት ነበር። ሶፍትዌሩ ልማዳቸውን እየተከተለ፣ ብቻውን፣ በየበሩ እየቆመ ወደ ቤት አምጥቷቸው ነበር።

ዱርሲቱ ጋ ደወልኩ።

«ባሕር ዛፉ ጋ ሂዱ። ገደሉ ጋ። ሰው ይዘሽ ሂጂ።»

«ቤት ናቸው አላልከኝም?»

«ሂዱ።»

«እያየኋቸው ነው አላልክም?»

«ዱርሲቱ፣ እባክሽ...»

ስልኩን ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ አገኟቸው። ከአፋፉ ብዙም አልወረዱም፤ ሦስት የሰው ቁመት ቢሆን ነው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ስልኩ ከሥር ካለው ጅረት ውስጥ ተገኘ። በዙሪያቸው ያለው ሣር በሙሉ ተነቅሏል፤ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ሞክረዋል።

ከጤና ጣቢያ የመጣው ልጅ እጃቸውን ይዞ ቆየ። «ገና አልቀዘቀዙም» አለ። «አንድ ሰዓት ቢቀድም...» ብሎ እህቴን አየና ተወው።

አንድ ሰዓት። አንድ ሽሮና አንድ ሻይ።

በሁለት ታክሲ በአየር ጤና ዞሬ ስደርስ ድንኳን እየተተከለ ነበር።

እስካሁን ያልኩት የእኔ ጥፋት ነው። ሰው ሠራው፣ ሰው ተሳሳተ፣ ሰው ሞተ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለእናንተ አልጽፈውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አዴ ወርቅቱ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ስንት ሰዓት ነው ወደቁ የሚሉት?»

«ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ አዴ።»

«አይደለም።»

«እንዴት?»

«ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደጄ ላይ ነበሩ። የሰባት ሰዓቱ የሬዲዮ ዜና አልቆ ነበር። ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ። ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበርና አልወጣሁም።»

«አላዩዋቸውም?»

«የባጫን ድምፅ ለመለየት ዓይን ምን ያደርግልኛል? ስልሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «አንድ ነገር ብቻ... ሁልጊዜ መርቀውኝ ነው የሚያልፉት። የዚያን ቀን አልመረቁኝም። ሰላምታውን ጨርሰው፣ እርምጃቸው ሳይሰማኝ፣ እዚያው ቆዩ። ከዚያ ሄዱ።»

ተነሥቼ ከድንኳኑ ወጣሁ። ስልኬን አወጣሁና መዝገቡን ከፈትኩ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ። አራት ደቂቃ።

ሶፍትዌሩ እርምጃና ደቂቃ ነው የሚያውቀው። ድምፅ አልሰጠነውም። ስለ ጉልበት ወይም ስለ ልጅ ሳል የሚያውቀው ነገር የለም። ምርቃትንም አያውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ ሰው ጠየቅሁ። በባዶው ሜዳ አጠገብ፣ ከአጥር ኋላ ሣር ሲያጭዱ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳይቀሩ «ሶያማን ሰላም ሲሉ ሰምተናቸዋል» አሉኝ። ቀና ብለው ግን አላዩም። ማንም አላየም። ሁሉም ሰምቶ፣ መልሶ፣ ወደ ሥራው ተመልሷል። ልክ እንደ እኔ።

ኡዘይር ሊያጽናናኝ በመጣ ጊዜ ውጭ ቆመን ነገርኩት። መሬት መሬቱን እያየ ሰማኝ። በመጨረሻ፣ ክፉ ሳያስብ፣ «አንድም በር አልሳተም ማለት ነው» አለ።

ሥራውን ለቀቅሁ። ከመልቀቄ በፊት የአባቴን መዝገብ ከሰርቨሩ ላይ በእጄ ደመሰስኩ። ሶፍትዌሩን ከስልኬ አጠፋሁ። ኋላም ስልኩን ራሱን ትቼ በቁልፍ የምትሠራ ትንሽ ስልክ ያዝኩ።

ዱርሲቱ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመች። አልሰደበችኝም። ስደውል አታነሣም። አርባቸው ዕለት እንኳ ለእንግዳው ሁሉ ምግብ ስታቀርብ፣ የእኔን ሳህን በሌላ ሰው እጅ ነው የላከችው።

ከአርባቸው በኋላ በነበረው እሑድ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ብቻዬን ሄድኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ ነበር። ሚኒባሱ አውራ ጎዳናው ላይ አወረደኝና በላይኛው በኩል፣ በአዴ ወርቅቱ መንገድ ገባሁ። ማንንም ማነጋገር አልፈለግሁም። አንገቴን ደፍቼ፣ በለስላሳው አቧራ ላይ ዳር ዳሩን እሄድ ነበር።

በአዴ ወርቅቱ አጥር ሳልፍ ከውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ናጋ... ናጋ።»

ቆምኩ። አፌን አልከፈትኩም ነበር። መንገዱ ላይ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ፈጠን አልኩ። ባዶውን ሜዳ አለፍኩ። አብዱረዛቅ ሱቁ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ መደርደሪያ ያስተካክላል። ድምፅ ሳላሰማ ላልፍ ስል፣ ሳይዞር መለሰ።

«ናጋ፣ አልሃምዱሊላህ... ተሽሎታል፣ ሳሉ ለቆታል።»

አልዞርኩም። ወደ ኋላዬም አላየሁም። ማየት ነበረብኝ፤ አንገቴ ግን አልታዘዝ አለኝ።

ቤታችን ደረስኩ። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

ዱርሲቱ ናት። ጥቁር ነጠላዋን አጥብቃ ለብሳለች። ከሳች። እኔን አላየችኝም። በትከሻዬ በኩል አሻግራ አየች፤ ከዚያ ሰው ታላቁ ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው ዓይኗን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች።

«ዱርሲቱ፣ እኔ...»

«መንገድ ልቀቅላቸው» አለች በሹክሹክታ።

«ለማን?»

«ደክሟቸዋል፣ ጃለታ። ዘግተህባቸዋል። ልቀቅላቸው።»

ጀርባዬን አጥሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ።

ያለፈ ነገር አላየሁም። ነፋስ የለም። አቧራውም አልተነሣ። እህቴ ግን በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አንድ ሽማግሌ ደፉን ቀስ ብሎ እስኪሻገር የሚፈጀውን ያህል ጠበቀች።

ከዚያ በሩን ዘጋችው። ከውስጥ ቀረቀረችው። እኔ ውጭ ነኝ።

አላንኳኳሁም። ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆሜ ነበር። በግቢው ውስጥ ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ። ክዳን ሲነሣ ሰማሁ።

ከዚያ ውሃ ሲፈስ ተሰማኝ... ጥቂት፣ ከዚያ ያቆማል፤ ጥቂት፣ ከዚያ ያቆማል። ሰው የሌላውን ሰው እጅ ሲያስታጥብ፣ የሚታጠበው ጣቶቹን እስኪያሻሽ ድረስ እየጠበቀ እንደሚያፈሰው።